የአለምነሽ አፍንጫ

የመናኸሪያ እህል ነጋዴዎች ከሚዛናቸው ይልቅ የአለምነሽን አፍንጫ ያምኑ ነበር። በቆሎ ተጭኖ ሲመጣ ጆንያው ይፈታል፤ እሷም ፊቷን እስከ ጆሮዋ ትነክርና ሳንባዋ እስኪሞላ ትስባለች። «ሻግቷል» ካለች ሻጩ ቢምል ቢገዘት ሰሚ የለውም። «ንጹሕ ነው» ካለች ይራገፋል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስትኖር ጉንፋን እንኳ ደፍሮ አልነካትም።

በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ግን ሳል ያዛት። እያደር ደም ቀላቀለ፣ ቀሚሷም ሰፋት። አክታዋ ምንም ባያሳይም ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ተባለና መድኃኒት ጀመረች። አለምነሽ ለሰው መትረፍ እንጂ ሰው ማስቸገር አታውቅም። ሰሃንና ኩባያዋን ለይታ፣ ታቦር ሰፈር ካለው ቤቷ ጓሮ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ገባች።

ክፋቱ፣ ልጇ ኢየሩስ የበኩር ልጇን ኤልናታንን የወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። ኢየሩስ ብትለምን ብታለቅስ አያቲቱ ወይ ፍንክች! የልጅ ልጇን አምስት ወር ሙሉ በመስኮት አየችው። ከሳሉ ይልቅ አንጀቷን የበላው ይህ ነበር።

መድኃኒቱ ጠብ የሚል ነገር ሲያጣ ሆስፒታል ተላከች። ዶክተር ጫልቱ የምትባል ወጣት ሐኪም ከሳንባዋ በመርፌ ናሙና አስወሰደች። አቅም የሚያሳጣ ስኳር የለባት፣ ኤችአይቪ የለባት፤ ሐኪሟ ግራ ገባት። ውጤቱ ሲመጣ ሥራዋን ጠየቀቻት፤ አለምነሽም ጆንያ እንዴት እንደሚሸተት በኩራት አሳየቻት። ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳቻት፤ ቲቢ አይደለም፣ ሳንባዋ ውስጥ ሥር የሰደደው ሻጋታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበረታው አቅም ባጣ ሰው ላይ ቢሆንም፣ እንዲህ ዘመን ሙሉ ሲስቡት ጤነኛውንም አይምርም። የብዙ ወር መድኃኒት አለው፤ ጆንያ ማሽተት ግን ከእንግዲህ ክልክል ነው።

አለምነሽ የጠየቀችው ስለ ሥራዋ አልነበረም።

«ሕፃን ላይ ይጋባል?» አለች።

«አይጋባም፣ እናቴ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ስለ አምስቱ ወር አለቀሰች።

በባጃጅ ቤቷ ደርሳ እጇን ታጠበችና ዘረጋች። ኢየሩስ ልጁን አስታቀፈቻት። አለምነሽ ፊቷን አንገቱ ሥር ነከረች፤ የታመመው ሳንባዋ የቻለውን ያህልም ሳበች።

«ንጹሕ ነው» አለች።

ወዲያው ሳሉ መጣባት። ፊቷን ወደ ትከሻዋ መለሰች እንጂ ልጁን አልለቀቀችም።