ባለካባው በየትኛው እጁ ይበላ ነበር

ባለፈው ሐሙስ ሽንኩርት ልገዛ ካርቲየ 7 ቢስ ወደሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ወርጄ፣ ስመለስ ከመንገድ ዳር ትኩስ ሳምቡሳ ገዛሁ። አርሂባ ሰፈር ቤቴ ደርሼ ጥቅልሉን ስፈታው ከዘይቱ ሥር ካባ የለበሰ ሰውዬ ብቅ አለ። ወረቀቱ ከአሮጌ የኮሚክ መጽሔት የተገነጠለ ነው። እዚህ ተማሪዎች አንብበው የጠገቡት መጽሔት መጨረሻው ሳምቡሳ መጠቅለያ መሆን ነው። ሰውዬው አንድ ጡጫውን ወደፊት ዘርግቶ ከፎቅ በላይ ይበራል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ ስመረምር እህቴ የሺ ማማሰያዋን እንደያዘች ከኩሽና ወጣች።

«ቀኝ ነው ግራ?» አለችኝ።

«ቀኝ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለው» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ይህ ጥያቄ ከሁለታችን በቀር ለማንም ትርጉም የለውም። የወደብ ሹፌሮች ምሳ ሊበሉ እኛ ቤት ሲመጡ አንዳንዴ ስንባባል ይሰሙንና ያበድን ይመስላቸዋል። ነገሩን ያመጣችው ሐጃ ሰልማ ናት።

ልጅ ነበርኩ። እንደ ዘመኑ ልጆች ሁሉ ወደ የመን ልሻገር ጅቡቲ ገብቼ፣ ደላላው «እስከዚያው ሥራ ያዢ» ብሎ ካርቲየ 2 አንድ ቤት አስገባኝ። እስከዚያው የምትባለዋ ቃል ስንት ሰው እንደበላች አታውቁም። ማዳም፣ የቤቱ እመቤት፣ ፓስፖርቴን «እንዳይጠፋብሽ» ብላ ቁም ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ከቤት ስትወጣ ደግሞ የብረቱን በር ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ክፉ ቃል አይወጣትም። «ሌባ እንዳይገባብሽ ነው» ትለኛለች በትህትና። ሌባ ግን መጥቶ አያውቅም፤ እኔም ወጥቼ አላውቅም።

አገር ቤት ዝናብ የሚጥልበት ሐምሌ፣ ጅቡቲ እሳት የሚነድበት ወር ነው። ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ ይመጣና በመስኮቱ ፍርግርግ እየገባ ያጠብኩት ሳህን ላይ ያርፋል። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፤ ያን ጊዜ ግድግዳው ራሱ የሚተነፍስብህ ይመስላል። መንገዱን በፍርግርጉ አየዋለሁ። ዳቦ ሻጯ ዓሻ ጋሪዋን እየገፋች «ሩቲ! ሩቲ!» ስትል፣ ረጃጅሙን ዳቦ በብረቶቹ መካከል አሾልካ ስትሰጠኝ፣ ያቺ ዳቦ ከእኔ ይልቅ መንገድ ታውቃለች እያልኩ እቀናባት ነበር። ዳቦ ላይ መቅናት! ግን እውነቴን ነው፤ ታፍኜ ነበር።

ሐጃ ሰልማ የማዳም አማት ናት። የመናዊ ብትሆንም ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይቀድማል። ልጇ፣ የማዳም ባል፣ ወደብ ነው የሚሠራው፤ ለምሳና ለእንቅልፍ ካልሆነ አይታይም። እግሯ ያብጣል፣ የሚያወጣት የለም፤ በሩ ሲቆለፍ እሷም እንደ እኔ ውስጥ ናት። የቤቱ እናት ስለሆነች ግን ተቆለፈባት አይባልም፤ ቤት ዋለች ነው የሚባለው።

ከአልጋዋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ነበራት። ሟቹ ባሏ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ አጠገብ መጽሔት የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ከዚያ የተረፈው ነው። ጥቂቶቹ መርከበኞች ያመጧቸው እንግሊዝኛዎቹ ናቸው፤ ቀለማቸው ደማቅ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ፤ እነሱን መንካት ክልክል ነው። የተቀሩት እነዚያኑ ታሪኮች ቤሩት ላይ በዐረብኛ እንደገና ያሳተሟቸው ናቸው። ወረቀታቸው ሻካራ፣ ቀይ ቀለማቸው ከመስመሩ የሚፈስ። ሐጃ እነሱን ለቀቀችልኝ።

ማንበብ አልችልም፤ ሥዕሉን ነው የማየው። በተለይ ሽፋኑ የተገነጠለ አንዱን ሙጭጭ አልኩበት። ታሪኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባለካባው ከከተማው ሰዎች ጋር ትልቅ ማዕድ ቀርቦ ይበላል፤ ሁሉ ያጨበጭብለታል። ከዚያ እሳት፣ ድብድብ፣ የፈረሰ ግድግዳ ይከተላል። ግድግዳው በምን ተአምር እንደሆነ አላውቅም ተመልሶ ይገጠማል። በመጨረሻው ገጽ ባለካባው መስኮት በሌለው የብረት ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አለቀ። ምናልባት አልገባኝም ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አየሁት፤ ያው ነው። የሚበር ሰው መጨረሻው ይሄ ከሆነ እኔ ድንቼን ልላጥ አልኩና፣ እየላጥኩ አለቀስኩ።

ሐጃ ሰማችኝ። «ምን ሆነሽ?»

«እዚያው ቀረ እኮ፣ ሐጃ።»

«ማን?»

«ባለካባው። ቆልፈውበት ቀረ።»

መጽሔቱን ተቀብላ አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አቦ፣ አንቺ ከጭራው ነው እንዴ የምታዪው! ዐረብኛ እኮ የሚከፈተው በዚህ ነው።» እኔ መጨረሻ ያልኩትን ገጽ ከፊቴ ዘረጋችው። «መጀመሪያው ይሄ ነው። ታስሯል። አሁን ግለጪ።»

ገለጥኩ። አንገቱን አቀና። ግድግዳው ፈረሰ፣ ወጣ፣ ተዋጋ፣ እሳቱን አጠፋ፤ መጨረሻ ላይ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጦ በላ። ያን ዕለት እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ሐጃም ለደስታዬ ብላ ከጨርቁ ውስጥ እንግሊዝኛውን፣ ያንኑ ታሪክ፣ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው። ሥዕሉ አንድ ነው፤ ግን የቤሩቶቹ ታሪኩ እንደ ዐረብኛው ከቀኝ እንዲሄድላቸው ሥዕሉን በመስታወት እንዳየኸው ገልብጠውታል።

«ባሌ ሲያገባኝ መጀመሪያ ያሳየኝ ይሄን የቤሩቱን ነው» አለችኝ። «ማዕዱ ላይ በግራው ሲጎርስ አየሁና ‹ይሄ ምን ዓይነት ጀግና ነው፣ እናት አላሳደገችውም?› አልኩት። ሁለተኛ አታሳየኝ ብዬ አኮረፍኩ። እሱም ይሄን እንግሊዝኛውን ከመርከበኛ ፈልጎ እስኪያመጣ እንቅልፍ አጣ። እዪው፤ በቀኙ ነው። ዋናው በቀኙ ነው የሚበላው።»

በማግስቱ፣ ደላላው ግቢም ዳቦ የምትሸጠው ዓሻ ዳቦውን ስታሾልክልኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከሹፌሮች የለቀመቻት አማርኛ ትበቃታለች፤ እህቴ ለማለት ግን በሶማልኛ «አባዮ» ነው የምትለኝ። «አባዮ፣ እህትሽ መጥቷል። የሺ። ሰባት ቢስ፣ ደላላ ግቢ። ነገ ኦቦክ፣ ባሕሩ ዳር፣ ከዚያ ጀልባ።»

ዳቦው ከእጄ ወደቀ። የሺ ታናሼ ናት። ለቤተሰብ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ» ብዬ በዓሻ በኩል በሹፌር መልእክት ልኬ ነበር፤ ሌላ ምን ይባላል? እሷ ደህና መሆኔን ሰምታ ነው የተነሳችው። ጀልባው ባይሰምጥም እንኳ ወዲያ ማዶ የሚጠብቃት እንደዚህ ያለ በር ነው፤ ያውም ዳቦ የምታሾልክ ዓሻ እንኳ የሌለችበት በር። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። ብረት ነው። እኔ ደግሞ ባለካባው አይደለሁም።

ያን ቀን ከሰዓት ማዳም ቆልፋ ሰርግ ሄደች፤ ባሏ ጫት መቃሚያው ጋ ነው። ሐጃ የዓሻን ወሬ ሰምታ ኖሮ ጠራችኝ። ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ቁልፍ አወጣች።

«ቤቱን የሠራው ባሌ ነው። እሷ ቁልፉ አንድ ብቻ ይመስላታል።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ይዘውት ነበር?»

«ይዤው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሰጡኝም?»

«ከሄድሽ ማን ይቀረኛል?» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ተናደድኩ። ያለቀስኩባቸውን ቀናት ሁሉ አስቤ ሳጥኗን በእርግጫ ልመታው ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን እጄን ይዛ «ሂጂ፣ እህትሽን ያዣት» አለች። «አንቺ መመለስሽን አልጠይቅሽም። ቁልፉን ግን በመስኮት መልሺልኝ። እሱ እኔ ጋ ሲሆን ቤቱ አይጠበኝም።»

«አብረን እንውጣ፣ ሐጃ።»

«በዚህ እግር? ደግሞ ማን ጋ?»

ማዳም ሐጃን እንዳትጠረጥር ስወጣ በሩን መልሼ መቆለፍ ነበረብኝ። በገዛ እጄ ቆለፍኩባት።

ከተማው በሐሩሩ ተኝቶ ነበር። አስፋልቱ ከነጫማዬ ያቃጥለኛል፤ ፍየሎች እንኳ ጥላ ይዘዋል። ደላላው ግቢ ውስጥ የሺ ከሌሎች ልጆች ጋር ሸራ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ተቃቅፈን ተላቀስን፤ ከዚያ ተጣላን።

«አንቺ ሥራ ይዘሽ እኔን ትከለክዪኛለሽ?»

«ተቆልፎብኝ ነው የሠራሁት፣ የሺ።»

«እሺ፣ ታዲያ እዚህ እንዴት መጣሽ?»

ቁልፉን አሳየኋት። አላመነችኝም፤ ቁልፍ ያለው ሰው እንዴት ይቆለፍበታል? «ይሄን መመለስ አለብኝ፤ ነይና ራስሽ እዪ» አልኳት። እየተነጫነጨች ተከተለችኝ።

ሐጃ መስኮቱ ሥር ወንበር ስባ ተቀምጣለች። የቀኝ እጇን በፍርግርጉ መካከል አወጣች። ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖርኩት፤ እጇ ተመለሰ፤ እንደገና ሲወጣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን እንግሊዝኛውን ይዟል። «ንጹህ እጅ» አለችኝ፤ «ዘይት እንዳታስነኪው።»

የሺ ብረቱን፣ እጇን፣ ፊቷን አየች። ትንሽ ራቅ ስንል «እሷም ሠራተኛ ናት?» አለችኝ።

«አይደለችም። የቤቱ እናት ናት።»

የሺ ወደ መስኮቱ እየዞረች ተከተለችኝ። አርሂባ ሕንፃዎች ጋ ስንደርስ ቆመችና «እኔ የትም አልሄድም» አለች።

ፓስፖርቴ እዚያው ቀረ፤ ሌላ እስካገኝ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እየቀየርኩ ኖሬአለሁ። ያም ሆኖ ማዳም ስትወጣ ዓሻ ትነግረኝ ነበርና መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ። ሐጃ ከውስጥ የቤሩቶቹን ታነብልኛለች፤ እኔ ከውጭ ቆሜ እሰማለሁ። አንድ ሳምንት ስሄድ መስኮቱ ተዘግቶ አገኘሁት። ሐጃ እዚያው ቤት፣ ቁልፉ ሻሿ ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ሞታለች፤ ሬሳ አጣቢዋ ነግራት ዓሻ ነገረችኝ።

እንግሊዝኛው መጽሔት እስከ ዛሬ አለኝ፤ ዘይት አልነካውም። የሳምቡሳውን ወረቀት ግን ጠርጌ ከሥሩ አኖርኩት። ከዚያ ሐጃን አሰብኩ፤ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የሚስቅ ባል አጠገቧ ሆኖ፣ በግራው የሚጎርስ ጀግና አይታ ያኮረፈችውን ሙሽራ። የእኔ ታሪክ እሷ እንዳሳየችኝ ሄደ፤ ተዘግቶብኝ ጀምሬ ከሰው ጋር ማዕድ ላይ ደረስኩ። ያ ከጭራው ያየሁትና ድንች እየላጥኩ ያለቀስኩበት ታሪክ ግን የእሷ ነበር። ስትስቅብኝ ይህን ታውቅ እንደሆነ ሳልጠይቃት ቀረሁ።