ግማሽ ደቂቃ የዘገየው ብረት

ጋሽ ዕንባቆም በስደት አገራቸው፣ ሱንድቢበሪ በሚባል ከተማ ባለው ማቅለጫ ቤት ሠላሳ ዓመት ብረት ሲያፈሱ፣ ስማቸው በአንድም ብልሽት ተነሥቶ አያውቅም። በሚኖሩበት በአልቢ ሰፈር ያለ ጎረቤት ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሳቸውም አላስረሱም። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው ሙዚየም የምትሠራው ሸዋሉል መጣች።

«ጋሽዬ፣ እንደ ጥንቱ አንድ ትንሽ የብረት መድፍ ያፍስሱልኝ። ሕዝብ ፊት እተኩሰዋለሁ» አለቻቸው።

የጥንት መድፍ ሠሪዎች፣ ብረት በዋጋ ከነሐስ እንደሚረክስ፣ ግን ሳይታሰብ ፈንድቶ ተኳሹን እንደሚገድል ያውቁ ነበር። ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ቅርጹን አቁመው ያፈሳሉ፤ ቆሻሻው ተንሳፍፎ እንዲወጣ ከአፉ በላይ ትርፍ ብረት ይጨምሩና ኋላ ይቆርጡታል። ያንድ ምድጃ ብረት ካላዳረሰም ሁለት ምድጃ አቀጣጥለው ሳያቋርጡ ይሞላሉ።

ጋሽ ዕንባቆም ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረጉ። የሁለተኛውን ምድጃ ብረት የያዘውን ባልዲ ግን ክሬኑ ያዝ አደረገውና ግማሽ ደቂቃ ዘገየ። ከሳቸው በቀር ልብ ያለ የለም። የቀዘቀዘ ብረት ከትኩስ እንደማይጋባ እያወቁ አፋቸውን ዘጉ። የመጨረሻ ሥራቸው ነዋ፤ ጎኑ ላይ «ዕ» ብለው ፊደላቸውን መቱበት።

በሦስተኛው ሳምንት ለሙከራ ከከተማ ውጭ ወደ አንድ ጠጠር ማውጫ ወሰዱት። እንደ ድሮው ደንብ እጥፍ ባሩድ ተጎረሰ። ሸዋሉል እሳቱን በረጅም ዘንግ ጫፍ ይዛ ተጠጋች። ጋሽ ዕንባቆም ተከተሏት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን የሚሞተው የደበቀው አይደለም።

«ሸዋሉል፣ ተይው። ከጠጠሩ ክምር ኋላ ሆነን በኤሌክትሪክ ሽቦ እንለኩሰው።»

«ፈሩ እንዴ ጋሽዬ?» ብላ ሳቀች።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አሉና እጇን ይዘው ጎተቷት።

በሽቦ ለኮሱት። መድፉ ወገቡ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ስብርባሪው ሸዋሉል ቆማ የነበረችበትን መሬት ቆፍሮታል። ስንጥቁ ጎን ለጎን ተነካክቶ ተጋግሮ እንደተላቀቀ ሁለት ዳቦ ልሙጥ ነበር፤ ፊተኛው ብረት ከኋለኛው አልተጋባም። እሷ ጉድጓዱንም ስንጥቁንም አየች።

«መቼ አወቁ?»

«ሲፈስ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ።»

ጋሽ ዕንባቆም በስድሳ አራት ዓመታቸው እንደዚያ አፍረው አያውቁም። ሸዋሉል ጓንቷን አጥልቃ «ዕ» ያለበትን ስባሪ አነሣችና እግራቸው ሥር አስቀመጠችው።

«ሌላ ያፈሳሉ» አለች። «እኔ ምድጃው አጠገብ እቆማለሁ። ፊደልዎን የሚመቱት እኔ ካየሁት በኋላ ነው።»

«እሺ» አሉ፣ ቀና ብለው ሊያይዋት ሳይችሉ።