የቪዛ ደብዳቤ ላይ ሞቼ ተገኘሁ

ወዳጆቼ፣ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቴን የምገልጽላችሁ በጥልቅ ሐዘን ነው። ድንኳን እንዳትጥሉ፤ መካኒሳ ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ነው።

የልጅ ልጄ ሜሮን ሰባት ዓመት ባንክ ሠርታ አሁን ውጭ አገር ነርስነት ልትማር ነው። ለተማሪ ቪዛው ሙያ የቀየረችበትን ምክንያት በጽሑፍ ተጠየቀች። የቪዛ አማካሪ ነኝ ለሚል ሰው ከፍላ አስጻፈችና ሳታነበው ይዛልኝ መጣች።

«አያቴ ነርስ አጥተው እጄ ላይ ሲሞቱ፣ ነርስ ለመሆን ማልኩ» ይላል።

ዘገነነኝ! ይዣት ቢሮው ድረስ ሄድኩ። «ሟቹ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አባቴ፣ ለሁሉም የምንጽፈው ይሄንኑ ነው፤ አንጀት ይበላል» አለኝ፣ ቅንጣት ሳያፍር። ስንት አያት ቀብሮ ይሆን? ውሸቱ ሲታወቅ ግን የምትከለከለው እሷ ናት።

«ነይ ቀባሪዬ፣ እውነቱን ራስሽ ጻፊው» አልኳት።

ጻፈች፦ «አያቴን በየጠዋቱ የስኳር መርፌያቸውን ስወጋቸው፣ ከባንኩ ይልቅ ይሄን ሥራ እንደምወድ ገባኝ።»

መልሱን እየጠበቅን ነው። እናንተስ በወረቀት ማንን ገደሉባችሁ?

ከነገርኳችሁ ውስጥ ግን አንዷን ነገር ፈጥሬያታለሁ። ቢሮው ውስጥ ንዴት አፌን ይዞት ነበር፤ «ሟቹ እኚህ ናቸው!» ብላ የጮኸችው ሜሮን ናት።