ለዱባይ ባንክ የላክሁት ሽማግሌ

የፍየል ንግድ ሰቆጣ ገበያ የጀመርሁ ዕለት፣ ከጎረቤታችን ዝቋላ ወረዳ የመጡ አባ ኪሮስ የሚባሉ ሽማግሌ አምስት ፍየል ሸጡልኝ። የፍየሎቹ ሆድ ከበሮ ያህላል። በማግስቱ ሳያቸው ሆዳቸው ሟሽሾ ግድግዳ ተደግፈዋል። ለካ ጨው አልሰው፣ ውሃ አጠጥተው ነው ያመጧቸው።

በሳምንቱ አገኘኋቸውና፣ “አባ፣ የሸጡልኝ ፍየል ነው ውሃ?” አልኋቸው።

“ፍየሉን ሸጥሁልሽ ልጄ፣ ውሃውን መረቅሁልሽ።”

ከዚያ ወዲህ ጥርሱን ሳላይ፣ የጀርባ አጥንቱን ሳልዳስስ ዋጋ ጠርቼ አላውቅም።

ወደ ንግዱ የገባሁት በዕዳ ነው። ዱባይ፣ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ሳለሁ፣ ለእናቴ ቤት ማሠሪያ ከባንክ ተበደርሁ። ዋሴ አብራኝ የምትሠራው የደሃናዋ ዝናሽ ናት። የሥራ ውሌ ሲያልቅ ዕዳውን ይዤ አገሬ ገባሁ። ከፍየሉ ትርፍ በየወሩ እከፍል ነበር።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ዝቋላ ያለው ሁሉ የከሳ ፍየሉን ገበያ አወጣ፤ የወልድያ ገዢዎች ቀሩ። የባንኩ ክፍያ ተከታትሎ አለፈኝ።

ዝናሽ ደወለች። “አንቺ፣ ባንኩ ከኔ ደመወዝ ሊቆርጥ ነው። ከቆረጠ አገር የምገባበት ትኬትም ሠርጌም ቀረ። ሙሽራውን በስልክ ላግባው?”

አባ ኪሮስን ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ልለምን ሄድሁ። ውሃ የሸጠልኝ ሰው ጊዜ መግዛት አያቅተውም ብዬ ነው።

“ማንን ነው የምንለምነው?”

“ባንክ ነው አባ።”

“ባንክ አባት አለው?”

“ሠራተኛው ይኖረዋል።”

“እንግዲያው ይበቃል።”

ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ሱቄ መጡ። ስልኩን ጀሪካን ላይ አስደግፌ በቪዲዮ ደወልሁ። የዕዳ ክፍሉ ሰው ሱዳናዊ ነው፤ በዓረብኛ እንግባባለን። ሦስት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ቆመው ሲያይ ግራ ገባው።

“ለምን አይቀመጡም?”

“እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም። ደንባችን ነው።”

“ይሄ እኮ ባንክ ነው።”

“ፍየሉ ለፋሲካ ይሸጣል፤ ያን ጊዜ እከፍላለሁ” አልሁት፤ የተባባልነውን ለሽማግሌዎቹ ተረጎምሁላቸው። አባ ኪሮስ በትራቸውን ተደግፈው፣ “ንገሪው” አሉ፤ “ጉልበቴን የሚያመኝ ዝናብ ሲመጣ ነው። ዘንድሮ ዝናብ የለም፤ እስኪመሽ እቆማለሁ።”

ሰውዬው ሳቁን መያዝ አቃተው። አለቃውን አነጋግሮ ተመለሰ። “በኛም አገር ሽማግሌ እንዲህ ያደርጋል። ቅጣቱ ይነሳል፣ ክፍያው እስካልሽው ፋሲካ ይቆያል፣ ዋሷም አትነካም። አሁን አስቀምጫቸው፤ አባቴ የቆሙ መሰለኝ።”

“መጀመሪያ በጽሑፍ ላክልኝ” አልሁት።

“ልጄ፣ እሺ ብሏል መሰለኝ” አሉ አባ ኪሮስ።

“ትንሽ ይቁሙ አባ።”

ጽሑፉ ሲደርሰኝ አስቀመጥኋቸው።

የቀሩኝን ፍየሎች እሾሁ የተቃጠለ የበለስ ቁልቋል እያበላሁ ለፋሲካ አደረስኋቸው። ገዢው ተመለሰ፤ ዋጋው ደህና ነበር። ያለፈውን ሁሉ ከፈልሁ። ዝናሽ በትኬቷ መጣች፤ ሠርጉ ደሃና ተደገሰ። የሙሽራው ወገን አባ ኪሮስን “እርስዎ በማን በኩል ነዎት?” ቢሏቸው፣ “በባንኩ” ብለው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ለጀማሪ ነጋዴ የምለው ይህን ነው። ክፍያ ከዘገየባችሁ ስልክ አትዝጉ፤ ቀድማችሁ ደውሉ። የምትከፍሉበትን ቀን ተናገሩ። እሺ ሲሏችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።