የእህቷ ልክ

እጅጌ የሚሏት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። ስሙን ያወጣችላት ልብስ ተኳሿ ናት። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስታጥፍ የቀሚሷ እጅጌ በየደቂቃው እየወረደ ጣቶቿን ይውጣቸዋል፤ እሷም በየደቂቃው ትሰበስበዋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን እጅጌ ወይ ቁረጪው ወይ አስቀጥሪው!» ትላታለች ተኳሿ ካውያዋን እየገፋች። «ከኛ እኩል ነው የሚለፋው።»

እጅጌም አብራ ትስቃለች፤ ግን አትቆርጠውም። ቀሚሱ የእሷ አይደለም።

ታላቅ እህቷ ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ትታ ነበር። ሕፃኗ እህል አልቀምስ፣ ከማንም እቅፍ አልገባ ብላ ስታለቅስ ሰነበተች። እጅጌ የምታደርገው ቢጠፋት የሟችን ቀሚስ ከቁም ሣጥን አውጥታ ለበሰች። ልጅቷ ፊቷን ቀሚሱ ውስጥ ቀብራ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ ሌላውን ለበሰች። በዚያው ቀረ። እህትየዋ መለሎ፣ ትከሻ ሰፊ ነበረች፤ እሷ አጭር፣ ቀጭን። ቢሆንም የነተበውን እየጣፈች አሥራ ሦስት ዓመት ለበሰችው። ካወለቀችው ልጅቷ እናቷን ሁለተኛ የምታጣ ይመስላት ነበር።

የተቀደደ አንሶላ የምትጠግነው ሰፊዋ ዝምተኛ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ሦስቱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ሰፊዋ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ፣

«አረንጓዴውን ስታጥፊ ፊትሽ ይፈካል» አለቻት።

«የቱን አረንጓዴ?»

«የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ጨርቅ። ነጩን ለሥራ ያህል ነው የምታጥፊው። እሱን ግን ትዳብሺዋለሽ።»

እጅጌ መዳፏን አየችው። እንዲህ ዓይነት ነገር ስለ ራሷ የነገራት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ተኳሿ እረፍት ነሳቻት። ከጨርቅ ሻጮች ቁራጭ እየለመነች አምጥታ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርጋለች። «ይሄ በሽተኛ አስመሰለሽ። ይሄ ደግሞ አማቴን ቁጭ! አንሺልኝ። ቆይ፣ ቆይ… ኧረ ይቺን እዩልኝ!»

የመጨረሻዋ ቁራጭ ጥቁር አረንጓዴ ነበረች። እጅጌ አጥፋ ኪሷ ከተተቻት።

በዚያው ቀለም ለአዲስ ቀሚስ ጨርቅ ተገዛ። ሰፊዋ ሜትሯን ስታወጣ እጅጌ፣ «አትልፊ፣ ልኬን አውቀዋለሁ» ብላ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን፣ ቁመቱን ሳታወላውል ጠራችላት። ሰፊዋ ቅር እያላት ጻፈች። ቀሚሱ ሲለካ ታዲያ እሷን የመሰሉ ሁለት ሴቶች የሚያስገባ ሆኖ ተገኘ።

ተኳሿ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የጓደኛዋን ፊት ስታይ መልሳ ዘጋችው።

«የማንን ልክ ነው የሰጠሽኝ?» አለች ሰፊዋ በቀስታ።

«የእህቴን። ሌላ ልክ አላውቅም።»

ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካቻት። ቁጥሩን እሷ ትጠራለች፣ ተኳሿ ትጽፋለች፤ እጅጌ ደግሞ እንደ ተማሪ በከንፈሯ ትደግማለች።

«አንገቱስ እንዴት ይሁን?»

እጅጌ ብዙ አሰበች። «ዝግ ይሁን። ኪስም አድርጊልኝ። ሁለት።»

«ይኸው፣ ቋንቋ አወቀች!» አለች ተኳሿ።

ቀሚሱ ተፈትቶ እንደገና ሲሰፋ ልኳ ሆነ። የለበሰችው ዕለት ግን ከሥራ መውጫው በር ላይ ቆመች።

«ልጄ እናቷን የምታየው በዚያ ቀሚስ ነው። ምን ልበላት?»

ተኳሿ ክንዷን ያዘቻት። «የኔ እናት፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው እኮ። ጠይቂያት እንጂ አትወስኚላት።»

«እስከ ቤትሽ እንሸኝሻለን» አለች ሰፊዋ። አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ሆነው ሸኟት።

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ እያጠናች ነበር። ቀና ብላ አየቻት።

«የእማዬስ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አውልቂ ካልሽኝ አሁኑኑ…»

ልጅቷ ተነስታ የነተበውን ቀሚስ አወጣች፤ አሸተተችው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። የእማዬ ፊት ጠፍቶብኛል። ይሄን ቀሚስ ሳይ የምትመጪብኝ አንቺ ነሽ። እሷን ከየት ላምጣት?»

እጅጌ እህቷን ለብሳት ኖረች እንጂ አንድ ቀን እንኳ ስለ እሷ አውርታላት አታውቅም። ልብሱ የሚያወራላት መስሏት ነበር። ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ መናገሪያውን ቃል ፈልጋ ፈልጋ አገኘችው።

«እናትሽ ስትስቅ ግድግዳ ትደገፍ ነበር» አለቻት። «ካልተደገፈች ትወድቃለች። አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ልንጠይቅ ሄደን፣ ሰውየው እያቃሰተ ሳለ…»

ልጅቷ ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ አኑራ ተጠጋቻት።