ማሽኑን ቅደመው

ከጎንደር ወደ እስራኤል በወጣንበት ሌሊት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ እኔ መጻሕፍቱ ከብደው ሻንጣዬ እንዳይቀደድ እፈራ ነበር። ታላቅ እህቴ ወርቅነሽ ፈቃዷ ስላልመጣ ቀረች። «ሂድ፣ እደርስብሃለሁ» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልደረሰችም።

ቂርያት ማላኪ ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰፈርን። ሙቀቱ መተማን ያስንቃል፤ ጎንደር በሐምሌ ጋቢ ይፈለግ ነበር። ሊፍቱ እንደማይሠራ ለአከራዩ ብነግረው «ደረጃ ለጤና ጥሩ ነው» አለኝ። ጤናዬ የሄደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ገዴራ ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ስጭን ቀኝ እጄ ከዳኝ። መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው ተባልኩ፤ ሰውነት የራሱን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ። ወገን ወገኑን ሲበላ በስደተኛ ማኅበር ብቻ ነበር የማውቀው።

አሁን ያቭነ ከተማ ወዳለ የሕክምና ማዕከል እመላለሳለሁ፤ እዚያ ክንዴን ከሮቦት ጋር ያስሩታል። ስክሪኑ ላይ ብርጭቆ ይታያል፤ እጄን ወደዚያ እዘረጋለሁ፣ አቅም ሲያንሰኝ ማሽኑ ይጎትተኛል። ማን ምን ያህል እንደሠራም ይለካል። በግምገማው ለውጥ ካልታየ ሕክምናው ይቆማል፤ እጄም እንዲሁ ይቀራል።

ባለሙያዋ ሊአት እዚሁ የተወለደች የጎንደሬ ልጅ ናት። አማርኛዋ ውስጥ «አንቱ» የለም።

«ሁሉን የሠራው ሮቦቱ ነው። ለምን ትተኛለህ?»

«አልተኛሁም። እስኪነሣ ጠብቄ ተከተልኩት።»

«ለምን ትጠብቀዋለህ?»

«እጅሽን ይዞ የሚመራሽን ሰው ትቀድሚዋለሽ? ነውር አይደለም?»

ሳቋ መጣ። «ቤሰደር፣ እሺ፣ ግን እሱ ሽማግሌ አይደለም፣ ብረት ነው። ቅደመው! ያላ፣ በል!»

እዚህ አገር በሽተኛ እንኳ ካልተጋፋ አይታከምም። ቀደምኩት። ክንዴ መንገዱን አጋመሰና ቆመ፤ የቀረውን ማሽኑ ወሰደው።

«አየህ? ግማሹ ያንተ ነው!» አለች ሊአት። ለግምገማው ይበቃ እንደሆነ ስጠይቃት ግን ብርጭቆውን እንደገና ስክሪኑ ላይ አመጣችው።

ቅዳሜ ማታ ወርቅነሽ በቪዲዮ ደወለች። ሕመሜን ደብቄያት ነበር፤ ወሬ ግን ፈቃድ አይጠብቅም።

«ወንድም ዓለም፣ ቀኝ እጅህን አሳየኝ።»

ስልኩን በግራዬ ይዤ ቀኜን አነሣሁ። ደረቴ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ከፍ አድርገው እንጂ!»

«እዚህ ድረስ ነው፣ እታለም።»

የራሷን ቀኝ እጅ አንሥታ እንደኔው ደረቷ ላይ አቆመች። ክንዴ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ እሷ ግን የራሷን አላወረደችም።