የባለቤት ፊርማ

ሚስቴን ያታለልኳት በአንድ ቃል ነው። ቃሉ ደግሞ ውሸት አልነበረም። ጥፋቴ ትዝ ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ የምትመጣልኝ ማምለጫ ይህች ናት፤ ራሴን የምንቀውም በዚህችው ነው።

በስደት ከተማችን፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ዘጠነኛው ላይ እንኖራለን፤ እኔ፣ ባለቤቴና አንዲት ሴት ልጃችን። እሷ ሆስፒታል ታጸዳለች፣ እኔ በስልክ ለጠራኝ ሁሉ ሹፌር ነኝ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሁለት ወጣቶች ብሉር ጎዳና ላይ ተሳፈሩ። ጥቂት እንደሄድን ከኋላዬ የተቀመጠው ማጅራቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ለጠፈብኝ። ሽጉጥ ይሁን የቧንቧ ቁራጭ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዞር ብዬ የማይበት ወኔ አልነበረኝም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር መለመን ነው። ያውም በአማርኛ! አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀምኩት እንግሊዝኛ በአንድ ጊዜ ጥሎኝ ጠፋና «በአላህ፣ ልጅ አለችኝ፣ በአላህ» እያልኩ መሪውን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ልጆቹ ሳቁ። አንደኛው «ባላ፣ ባላ» እያለ ድምፄን አስመስሎ ደገመው። ከዚያ አወረዱኝና መኪናዬን ነድተው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አንድ የገበያ አዳራሽ ጓሮ ቆማ ተገኘች።

ባለቤቴ «እንኳን አንተ ተረፍክ» ብላ አለቀሰች፣ ሰደቃ አወጣች፣ ለሷ ነገሩ በዚያው አለቀ። እኔ ግን ያ «ባላ፣ ባላ» ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለሰው ሳወራ «ለቤተሰቤ ፈርቼ ነው» እል ነበር። ፍርሃትስ ነበረ። የሚያንገበግበኝ ግን ሳቁ ነው። እንዴት እንደለመንኩ ለሷ እንኳ አልነገርኳትም። ሽጉጥ ያማረኝ ያን ጊዜ ነው።

ከድንበሩ ማዶ ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለኝ። እዚያ ፈቃድ አውጥቶ ወገቡ ላይ ይዞ ነው ሱቅ የሚሄደው። በቪዲዮ ስደውልለት ሦስቱን ሽጉጦቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ጥይት የሌለባቸው መሆኑን ሁለት ሁለት ጊዜ አሳይቶኝ፣ እንደ ባለሱቅ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሳ አስተማረኝ።

«ስማ፣ በትንሿ እንዳትሸወድ» አለኝ። «ለመደበቅ ትመቻለች፣ ስትተኩስ ግን እጅህ ላይ ትዘላለች፣ ጀማሪ አይችላትም። ይሄ ትልቁ ደግሞ ይከብድሃል፣ ሳምንት ሳይሞላህ መሳቢያ ውስጥ ታስቀረዋለህ። መካከለኛውን ያዝ። ለቤትም ለወገብም ይሆናል።»

«እጄን የማይነክሰው የቱ ነው?»

«ነካሽ መሆኑን ካልተኮስክ በምን ታውቃለህ? ተኩስ መለማመጃው ሬንጅ ሂድና ሽጉጥ ሬንት አድርገህ ሞክር። መቶ ተኩስ፣ ሁለት መቶ ተኩስ። መጀመሪያ እጅህ ይልመደው። የሽጉጡን ማህደር ደግሞ ርካሽ እንዳትገዛ፤ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። እግሩን የመታ ሰው አውቃለሁ።» ከዚያ ጠየቀኝ፦ «ሚስትህ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ አልነገርኳትማ።

እንዳልነግራት ያደረገኝን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ ወሎ ገጠር ልጅ ሳለች፣ በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ ለደስታ ከተተኮሰው ጥይት አንዱ ታላቅ እህቷን ገደላት። ፀጉሯን የምትሠራት፣ አዝላ ያሳደገቻት እህቷ ናት። ይህን የነገረችኝ ከመጋባታችን በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደግማ አላነሳችውም። ግን የልጃችን የልደት በዓል ሲደርስ ቤታችን ፊኛ አይገባም። ሰው ቤት ተጠርተን ፊኛ ከፈነዳ ጫማዋን ፍለጋ ትነሳለች። እኔም እያወቅሁ «ምን ሆነሻል?» አልላትም፤ ኮቷን አቀብላታለሁ። እንዲህ አድርጌ የማውቃት ሰው ነኝ።

ያም ሆኖ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ቀበቶዬ ውስጥ ሻጥ አድርጌ፣ ሸሚዜን ወደ ውጭ ለቅቄ መስታወት ፊት እንጎራደድ ነበር። ይታያል አይታይም? ስቀመጥ ይቆረቁራል? አንድ ቅዳሜ ረስቼው ሳሎን ወጣሁ። ባለቤቴ አየችኝ አየችኝና «ወገብህን አሞሃል እንዴ? ወደ አንድ ጎን አዘንብለህ ነው የምትሄደው» አለችኝ።

«ትንሽ ይዞኛል» አልኩ።

«ይሄ መኪና ላይ መዋል ነው! ነግሬህ አልነበረም?» ብላ በሆዴ አስተኛችኝና ቪክሱን አምጥታ ወገቤን አሸችኝ። ሪሞቱን እንዳታገኘው ቀስ ብዬ ከሶፋው ሥር ወሽቄዋለሁ። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ከፋርማሲ የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ገዝታ መጣች። ለሽጉጥ ማህደር እንደሚመች እያሰብኩ ታጠቅሁት። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? ሆንኩ እኮ።

ጊዜው መንግሥት የሽጉጥ ሽያጭ ሊያቆም ነው ተብሎ ሱቆቹ በሰው የተጨናነቁበት ሰሞን ነበር። ፈቃድ ለማውጣት ሁለት ቅዳሜና እሑድ ኮርስ መውሰድ ነበረብኝ። ለቤት «ሥራ ነኝ» ብዬ ሄድኩ። አስተማሪው ጡረታ የወጣ ነጭ ሽማግሌ ነው፤ ታጋሽና ቀልደኛ። ገና በመጀመሪያው ቀን ሕልሜን አፈር አበላው። እዚህ አገር ሽጉጥ ደብቆ ወገብ ላይ መያዝ የለም አለን። ከቤት ወደ ተኩስ ሜዳ፣ ከተኩስ ሜዳ ወደ ቤት፣ ያውም ተቆልፎ። ቤት ሲቀመጥ ጥይቱ ወጥቶ፣ መሣሪያው ተቆልፎ ሣጥን ውስጥ። «ቤቴን ልጠብቅበት» የሚባል ምክንያትም ተቀባይነት የለውም፤ ወይ የዒላማ ስፖርት ነው ወይ መሣሪያ ማሰባሰብ።

አንዱ ተማሪ እጁን አወጣና «ታዲያ ሌባ ቢመጣስ?» አለ።

«ፖሊስ ትጠራለህ፤ እስኪመጡም በርህን ቆልፈህ ትጠብቃለህ» አለ ሽማግሌው።

ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ነገሩን ብተወው ኖሮ ጥፋቴ ሪሞቱና የወገብ ቀበቶው ብቻ ይሆን ነበር። ለምፈልገው ነገር እንደማይጠቅመኝ ገብቶኛል። ግን እልህ ያዘኝ። አንዴ በሳቅ ያባረሩኝ ልጆች አሉ፣ ሁለተኛ መባረር አልፈለግሁም። ፈተናውን አለፍኩ፤ የዒላማ ስፖርት ወዳጅ ሆኜ ቅጹን ሞላሁ።

ቅጹ ላይ የትዳር ጓደኛ የሚፈርምበት ቦታ አለ። ትዳር ውስጥ የሚያሰጋ ነገር ካለ እንድትናገር ነው። ካልፈረመች እነሱ ራሳቸው ያሳውቋታል ይላል። ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

ቤታችን ውስጥ የወረቀት ሰው እኔ ነኝ። ባለቤቴ በእንግሊዝኛ ትገበያያለች፣ አለቃዋን ትከራከራለች፤ የመንግሥት ወረቀት ግን ስታይ ዓይኗ ይጨልማል። የኪራይ ውሉን፣ የልጅቷን ትምህርት ቤት፣ የግብሩን፣ ሁሉንም እኔ አንብቤ «እዚህ ጋ» ስላት ትፈርማለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። አንድም ቀን አጠራጥሬያት አላውቅም።

በአራተኛው ቀን እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ወረቀቱን አጥፌ፣ መፈረሚያው ብቻ እንዲታይ አድርጌ አቀረብኩላት።

«ምንድን ነው?»

«የኢንሹራንስ ነው። ባለቤት መሆንሽን ማረጋገጫ።»

በሽንኩርቱ ዓይኗ እያነባ ሳቀች። «የማን ባለቤት? የመኪናው ወይስ ያንተ?»

«የሁለታችንም» አልኳት።

«መኪናው ይሻለኛል፤ እሱ እንኳ ወገቡን አያመውም» አለችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፈረመች። ፊርማዋ በአማርኛ ነው፤ የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ጅራቱ ረዝሞ። ወረቀቱ ጥግ ላይ የሽንኩርት ውኃ ነክቶት ነበር። በሶፍት አደረቅሁት።

ከወራት በኋላ፣ ሁለታችንም ሥራ ባልገባንበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ስልኳ ጮኸ። ዕቃ እያጠበች ስለነበር በክርኗ ነካ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ፊርማ ለማጣራት ከፈቃድ መሥሪያ ቤት እንደምትደውል ተናገረችና አስተርጓሚ መስመሩ ላይ እንዳለ ገለጸች። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ።

አስተርጓሚው እንደ ድሮ ዜና አንባቢ ነበር የሚናገረው። «እመቤቴ፣ የአመልካቹ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ባለቤቱ ነኝ» አለች።

«ባለቤትዎ የሽጉጥ ፈቃድ ለማግኘት ማመልከታቸውን ያውቃሉ?»

ውኃውን ዘጋችው። ዞራ አየችኝ። እናቴም አባቴም ቢቆጡኝ እችለው ነበር፤ ያን አስተያየት ግን አልቻልኩትም። ቁጣ የለበትም። አንድ ሰው ቤት ተሳስቶ የገባ መስሎት ዙሪያውን ሲያይ የሚያየው አስተያየት ነው።

«እመቤቴ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ። አዎ፣ አውቃለሁ።»

«ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው? አስፈቅደውዎት ነው የፈረሙት?»

«የኔ ነው። ነግሮኛል።»

«አሁን ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ» አለች፣ ዓይኗን ከኔ ሳታነሳ።

«በቤትዎ ውስጥ የሚያሰጋዎት ነገር አለ?»

ከእጇ ላይ አረፋው ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ አያለሁ። «ምንም የለም» አለች በመጨረሻ፤ «እግዜር ይስጥልኝ።»

አውቶቡስ ላይ ካርዷ ባይሠራ ለሹፌሩ ተናግራ የምትወርድ ሴት ናት። በአንድ ስልክ ሦስት ጊዜ ዋሸች፤ ሦስቱም ለኔ ነው። ስልኩን ዘግታ ዕቃዋን ማጠብ ቀጠለች። ድስቱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ለማን? ለፈረንጅ ገበናህን ላውጣልህ?»

«የኔ ጥፋት እኮ ነው...»

«የእህቴን ነገር ታውቃለህ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ታውቃለህ እኮ። ፊኛ እንኳ የምታስወጣልኝ አንተ ነህ።»

ተንበርክኬ ነው የነገርኳት፤ ሁሉንም፣ «ባላ፣ ባላ» ያሉኝን ሳይቀር። «ይህንን ብትነግረኝ ኖሮ አብሬህ አለቅስ ነበር» አለች። በአገራችን ወግ ይቅርታ ስንጠይቅ እንደምንለው «አፉ በይኝ» አልኳት። «አፉ ብዬሃለሁ» አለች፤ ረመዳን ሲገባ ለጎረቤት ሁሉ እንደምትለው፣ ሳትቆይ።

የፈቃዱ ካርድ ክረምት ላይ በፖስታ መጣ። የሽጉጥ ሽያጭ ያን ጊዜ ቆሟል፤ የዋሸሁለት ነገር ከነጭራሹ የለም። ኩሽና ወስጄ ፊቷ በመቀስ ቆረጥኩትና ቁርጥራጩን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁላት።

«ይኸው፣ ፈቃዱ ነው» አልኳት።

በጣቷ ገለባበጠችው። «እሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለች። ልትጎዳኝ ብላ አልነበረም። እውነቷን ነው የጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ የወገቤን ቀበቶ ታጥባልኛለች፣ ምሳዬን ትቋጥርልኛለች፣ ትስቃለች። ባለፈው ሳምንት የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ እድሳት መጣ። ይህኛው እውነተኛ የኢንሹራንስ ወረቀት ነው። ሁለታችንም መፈረም ስላለብን ሳላጥፈው፣ ከነገጾቹ ወስጄ አጠገቧ አስቀመጥኩትና ላነብላት ጀመርኩ።

«ተወው» አለች፣ እጇን እያደረቀች። «ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ታየዋለች።»

ልጃችን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወረቀቱን ፊቴ አድርጌ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኋት። መጣች፣ ቦርሳዋን ጣለች፣ እናቷ ጎን ቆማ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ኢትስ ጀስት ኢንሹራንስ፣ እማዬ። እሳት ምናምን ሀፕን ካደረገ።»

«ሁሉንም አየሽው? እዚህ ታች ያለውንስ?»

«የስ። ‹ስፓውስ› ይላል፣ እዚህ ጋ ሳይን አድርጊ። ስፓውስ በአማርኛ ምንድን ነው?»

ባለቤቴ እስክሪብቶውን አነሳች። «ባለቤት» አለቻት፣ እየፈረመች። ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጠቻት፣ ልጅቷ አምጥታ ለኔ ሰጠችኝ።